ትንንሽ የድሮ የወርቅ ሳንቲሞች፦ የካሊፎርኒያዋ፣ የአሜሪካ አንድ ዶላሯ፣ ዶስ ፔሶስ ወይስ ፋናም? የቱ ይሻላል

የወርቅ ዋጋ እንዲህ ከተሰቀለ ወዲህ ሙሉ ኦንስ ሳንቲም ለመግዛት ሲያስብ የነበረ ሰው ሁሉ ወደ ትንንሾቹ እየዞረ ነው፣ እውነትም ደስ ይላሉ፣ መቶ ሀምሳ ምናምን ዓመት የሞላት ወርቅ በጣት ጫፍ ላይ ይዞ ማየት የሆነ ስሜት አለው። ችግሩ ትንሽ ስለሆኑ ብቻ አንድ ዓይነት የሚመስሉን መሆኑ ነው። አይደሉም። አንዷን የምትገዙት ለወርቋ ነው፣ አንዷን ለታሪኳ፣ አንዷን ደሞ ሻጩ ስላሳመናችሁ ብቻ።

በቁጥር እንየው። የአሜሪካ የአንድ ዶላር ወርቅ 1.672 ግራም ትመዝናለች፣ ጥራቷ ከ1000 900 ስለሆነ ንጹህ ወርቋ 1.5 ግራም ገደማ ነው። የሜክሲኮ ሁለት ፔሶ፣ ዶስ ፔሶስ የሚሏት፣ 1.67 ግራም ናት፣ ጥራቷ እዚያው 900፣ ንጹህ ወርቋ እዚያው 1.5 ግራም። ማለትም ሁለቱ ወርቃቸው እኩል ነው ግን ዋጋቸው እኩል አይደለም፣ ዶላሯ ሁሌ ትበልጣለች። የካሊፎርኒያ ሩብ ዶላር ደሞ ጠቅላላ ክብደቷ ሩብ ግራም ገደማ ሆኖ፣ አዎ ሩብ ግራም፣ እውነተኛነቷን የሚያረጋግጥ ሰርተፍኬት ካላት ብዙ ጊዜ በዋጋ ዶላሯን ታክላለች ወይ ትበልጣታለች። ስለዚህ ፒያሳ ወርቅ ቤት ገብቶ «ግራሙ ስንት ነው» ማለት የለመደ ሰው እዚህ ሰፈር ቶሎ ይናደዳል። ሳንቲሟ ባነሰች ቁጥር የምትከፍሉት ለወርቁ ሳይሆን እውነተኛ ለመሆኗ ማረጋገጫ ነው፣ እኔ አማራጮቹን የማወዳድረው በዚህ ነው።

(ዓመተ ምህረቶቹ የፈረንጅ ናቸው፣ የኛን ስጠቅስ እናገራለሁ። 900 ማለት ደሞ በካራት 21.6 ነው፣ ዱባይ ወይ ቤሩት 21 ካራት ለለመዳችሁ ትንሽ ከሱ ከፍ ይላል።)

የካሊፎርኒያ ትንንሾቹ

ታሪኳ ከሁሉም የሚጥመኝ ይቺ ናት። በጥር 1848 ጀምስ ማርሻል ኮሎማ ላይ ሰተር በሚባል ሰው የእንጨት መሰንጠቂያ ወርቅ አገኘ፣ ከዚያ በኋላ ዓለም ሁሉ ካሊፎርኒያ ወረደ፣ ወርቅ ሞልቷል ግን ዝርዝር የለም። ዳቦ ለመግዛት፣ ለመጠጥ፣ ለጸጉር ቆራጭ የሚሰጥ ሳንቲም ስላልነበረ ሰው የወርቅ ብናኝ በጣቱ ቆንጥሮ ይከፍል ነበር፣ ቆንጣሪው ባለሱቁ ከሆነ ጣቱ እንደሚወፍር መገመት አያቅትም። በዚህ መሀል ከ1852 ጀምሮ ሳንፍራንሲስኮ ያሉ ጌጥ ሰሪዎች፣ ብዙዎቹ ፈረንሳዮች፣ በራሳቸው ባለ 25 ሳንቲም፣ ባለ 50 ሳንቲም እና የአንድ ዶላር ትንንሽ ወርቆች መቅረጽ ጀመሩ። አንዳንዱ ክብ ነው፣ አንዳንዱ ስምንት ማዕዘን። ፊት ለፊቷ መጀመሪያ የሊበርቲ፣ ነጻነትን የምትወክለው ሴት፣ ራስ ነበር፣ ቆይቶ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች፣ ቀይ ህንዶች የሚሏቸው፣ ራስ መጣ፣ ጆርጅ ዋሽንግተን ያለባቸውም አሉ። በጠቅላላ ከ500 በላይ ዓይነት ይቆጠራል።

እዚህ ጋ ዘመኑን መለየት ያስፈልጋል ምክንያቱም ዋጋውን የሚወስነው እሱ ነው። ከ1852 እስከ 1856 ያሉት የመጀመሪያው ዘመን ይባላሉ፣ በእውነት ለመገበያያ የተሰሩት እነዚህ ናቸው። ከ1859 እስከ 1882 ያሉት ሁለተኛው ዘመን ናቸው፣ ቀጠን ያሉ፣ ወርቃቸው ያነሰ፣ የሚያብረቀርቁ፣ አብዛኞቹ ለማስታወሻና ለጌጥ የተሸጡ። በ1864 ኮንግረስ የግል ሳንቲም መስራትን በህግ ከለከለ፣ ጌጥ ሰሪዎቹ ግን መቼ ሰሙ፣ ሀያ ዓመት ያህል ቀጠሉበት፣ እስከ 1883 ድረስ፣ ያኔ ነው ሀሰተኛ ገንዘብ የሚከታተለው የመንግስት መስሪያ ቤት፣ ሲክሬት ሰርቪስ፣ መጥቶ ያስቆማቸው። ከዚያ በኋላ የተሰሩት የድሮ ዓመተ ምህረት እየተጻፈባቸው የወጡ ናቸው፣ እነዚህን ነው እንግዲህ ኦንላይን በየቦታው የምታገኙት።

ድብ ያለበት ካያችሁ እለፉት። ድቡ የካሊፎርኒያ ምልክት ስለሆነ በጣም እውነተኛ ያስመስለዋል፣ ሻጩም «የወርቅ ፍለጋው ዘመን» ብሎ ይጽፍበታል፣ ግን ድብ ያለባቸው ማስታወሻ ጌጦች ናቸው፣ ብዙዎቹ ወርቅ የተቀባ ነሐስ፣ አንዳንዶቹ ዝቅተኛ ካራት ወርቅ። ሁለተኛው ምልክት ጽሁፉ ነው፦ እውነተኛዋ የገንዘብ ስም አላት፣ «ሴንትስ» ወይ «ዶላር» ወይ አሳጥሮ «ዶል» የሚል። «ካሊፎርኒያ ጎልድ» ብሎ ቁጥር ብቻ ጽፎ ዶላር ማለቱን ከዘለለ ቶከን ነው፣ ማለትም ገንዘብ ያልሆነ ማስታወሻ። ለምን መሰላችሁ የዘለለው፣ ዶላር ብሎ ከጻፈ ገንዘብ እንደሰራ ይቆጠርበታላ።

ሦስተኛ ምልክት አለ ብዬ ላሰለቻችሁ እችል ነበር፣ ግን እውነቱን ለመናገር ከነዚህ ሁለቱ በኋላ ያለው ለጀማሪ ዓይን አይሆንም። ዓይነቱን በሚጠሩበት ቢጂ በሚባለው የካታሎግ ቁጥር የተለየች፣ ሳንቲም መርምረው ሰርተፍኬት ከሚሰጡት ድርጅቶች ፒሲጂኤስ ወይ ኤንጂሲ ፕላስቲክ ውስጥ ያሸጋት ካልሆነች በስተቀር የመጀመሪያችሁን የካሊፎርኒያ ሳንቲም አትግዙ። የሰርተፍኬት ቁጥሩን ደሞ በራሳችሁ በድርጅቱ ገጽ ላይ አስገቡና ፎቶውን ከያዛችሁት ጋር አስተያዩ፣ ፕላስቲኩም ፌክ ይሰራለታል።

የአሜሪካ አንድ ዶላሯ

ለአብዛኛው ሰው የምመክረው ይቺን ነው፣ ከወዲሁ ልናገር። ከ1849 እስከ 1889 በመንግስት የተመታች፣ ክብደቷ የታወቀ፣ ስንት እንደተሰራ የተመዘገበ። ቀራጩ ጀምስ ሎንጋከር ነው። የመጀመሪያዋ ዓይነት ስፋቷ 13 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነች አሜሪካ ካወጣቻቸው ሳንቲሞች ሁሉ በስፋት ትንሿ ናት፣ ሰው በጣም እየጠፋችበት ስለተማረረ በ1854 ክብደቷን ሳይነኩ ቀጠን አድርገው ሰፋ አደረጓት።

ሦስት ዓይነት አለ። አንደኛው የሊበርቲ ራስ ያለው፣ ከ1849 እስከ 1854። ሁለተኛው ላባ ዘውድ ያደረገች ሴት፣ ከ1854 እስከ 1856፣ የተሰራበት ጊዜ አጭር ስለሆነና ቅርጹ ከፍ ብሎ ስለተሰራ ጀርባው ላይ ያለው ቀን በደንብ ሳይወጣ ይቀር ነበር፣ ጥርት ያለ ማግኘት ከባድ ነው ዋጋውም እንደዚያው። ሦስተኛው ያቺው ሴት ራሷ ተለቅ ተደርጎ፣ ከ1856 እስከ 1889። ሦስቱን መሰብሰብ ለጀማሪ ቆንጆ ግብ ነው፣ ሁለተኛዋን በመጨረሻ አድርጓት፣ እስከዚያ ዓይናችሁ ይለምዳል።

ርካሹን ለሚፈልግ፦ ፊላዴልፊያ የተመታችውን 1853 ፈልጉ፣ ከ4 ሚሊዮን በላይ ስለተሰራች እንደ ልብ ናት። ጀርባዋ ላይ ትንሽ ፊደል ካለች ግን ሌላ ጨዋታ ነው። ሲ ከሆነ ሻርለት፣ ዲ ከሆነ ዳሎኔጋ ነው፣ ሁለቱም በደቡብ ያሉ ትንንሽ የሳንቲም ማተሚያዎች ስለነበሩ ብርቅ ናቸው፣ የ1861 ዳሎኔጋ የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲጀመር ማተሚያው በኮንፌደሬቶች፣ በተገነጠሉት የደቡብ ግዛቶች፣ እጅ ሆኖ የተመታች ስለሆነች ዋጋዋን አትጠይቁ። ፊደል መጨመር ወይም መፋቅ የአጭበርባሪ የቆየ ስራ ስለሆነ ፊደል ያላትን ያለ ሰርተፍኬት አትንኩ።

የ1880ዎቹ ትንሽ ለየት ይላሉ። የተሰሩት በጣም ጥቂት ናቸው፣ እና ሰው «ብርቅ ናት» ብሎ ሊያስከፍላችሁ ይሞክራል፣ ግን ያኔም ሰብሳቢዎች ስላወቁ ገና ከመውጣቷ አስቀምጠዋታል፣ ስለዚህ ጥሩ ይዞታ ላይ ያለች ማግኘት ያን ያህል አያስቸግርም። ትንሽ መሰራትና ትንሽ መትረፍ የተለያዩ ናቸው።

ትልቁ ችግሯ ፌክ ብቻ አይደለም፣ ጌጥነቷ ነው። ያኔ ሰው ቀለበት ላይ፣ ሀብል ላይ፣ የሸሚዝ ቁልፍ ላይ እያስበየደ ይለብሳት ነበር፣ እኛም ሀገር ማርትሬዛ አቅልጠው መስቀልና አምባር ሲሰሩ እንደኖሩት። አንዳንዷን ደሞ አንድ ጎኗን ፍቀው የፍቅረኛ ስም ጽፈውባታል። ስለዚህ በአስር እጥፍ ሌንስ ጠርዟን ዙሪያዋን ተከታተሉ፣ በተለይ ከራሱ በላይ ያለውን ቦታ፣ የብየዳ ትርፍ ወይ የተሞረደ ለስላሳ ቦታ ካለ ዋጋው በደንብ መውረድ አለበት። ሰርተፍኬት ላይ ከደረጃ ቁጥር ይልቅ «ዲቴይልስ» ተብሎ ከተጻፈ ያ ማለት እውነተኛ ናት ግን ተጎድታለች ነው። ይሄ ለድሃ ሰብሳቢ በረከት ነው በኔ እምነት፣ እንዲህ ያለችውን ዋጋዋ ወደ ወርቋ ቀርቦ ስታገኙ ታሪኩን በነጻ ወሰዳችሁ ማለት ነው።

ዶስ ፔሶስ

አጭር ነው የሷ ነገር። ከ1919 ጀምሮ ነው የወጣችው፣ ስፋቷ እሷም 13 ሚሊሜትር፣ ከወርቋ ዋጋ ብዙም ሳትርቅ ትሸጣለች። 1945 የሚል ቀን ያለባት በጣም ብዙ ናት፣ ምክንያቱም ሜክሲኮ ያንኑ ቀን እየተጠቀመች ከዚያ በኋላ ለዓመታት ደጋግማ መትታለች። ስለዚህ «የጦርነቱ ዘመን ሳንቲም» ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ ፈገግ በሉና በግራም አስሉለት። ወርቅ በትንሽ በትንሹ ማጠራቀም ለሚፈልግ ሰው ከዚህ ዝርዝር ውስጥ የምትሻለው ይቺ ናት፣ ታሪክ ለሚፈልግ ግን 1919 ወይ 1920 ካላገኘ ባዶ ናት።

ከሷ ጋር እንዳትምታታባችሁ፦ ማክሲሚሊያን የሚል ስምና 1865 የሚል ቀን ያለባቸው ጥቃቅን «የሜክሲኮ ወርቆች» ገበያውን ሞልተውታል። ገንዘብ ሆነው አያውቁም። ጥቂቱ ዝቅተኛ ካራት ወርቅ ነው፣ ብዙው ቅብ።

ፋናም

በስፋት ከሁሉም ትንሿ ይቺ ናት፣ ምስር ፍሬ ታክላለች፣ ክብደቷ 0.35 ግራም አካባቢ። የደቡብ ህንድ ናት፣ ብዙ ነገስታት ለብዙ መቶ ዓመታት መትተዋታል፣ የአውሮፓ ንግድ ኩባንያዎችም ሳይቀሩ። በትንሽ ገንዘብ የድሮ ወርቅ ማግኘት ለሚፈልግ ከሷ የሚረክስ የለም።

ግን አንድ ፋናም የለም። ቪራራያ የሚባሉት ነጥብና መስመር ብቻ የሚታይባቸው ናቸው፣ ወርቃቸው ብዙ ጊዜ የተቀላቀለ ነው፣ ቀለማቸውም ፈዘዝ ይላል። የማይሶሩ ካንቲራቫ ፋናም ደሞ ናራሲምሃ የሚሉት አንበሳ ራስ ያለው አምላካቸው ተቀምጦ ይታይባታል፣ 17ኛው ክፍለ ዘመን ላይ በካንቲራቫ ናራሳራጃ የተጀመረች ናት፣ ይቺን ነው የምመርጠው ምክንያቱም ቢያንስ የማን እንደሆነች ታውቃላችሁ። ቀን አይጻፍባቸውም ስለዚህ ሻጩ የፈለገውን ዘመን ይጽፋል። ለሰርተፍኬት መላክም ብዙ ጊዜ አያዋጣም፣ ማሸጊያው ከሳንቲሟ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ፋናም ላይ የምታምኑት ሻጩን ነው፣ ዲለሩ የሚታወቅ፣ የሚመልስ፣ ስህተት ቢገኝ ገንዘብ የሚሰጥ መሆን አለበት።

የኛዎቹስ?

ይሄ ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም፣ በተለይ ዲሲና ሲልቨር ስፕሪንግ ያለን ሰዎች ባልቲሞር ኮይን ሾው ላይ ስንሄድ መጀመሪያ የምንፈልገው አክሱምን ነው።

የአክሱም ወርቅ ራሱ ትንሽ ነው። ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ፣ 3ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ፣ እስከ 7ኛው መጀመሪያ ድረስ ተመትቷል። መጀመሪያ ከ2 ግራም በላይ ነበር፣ ሮማውያን የወርቅ ሚዛናቸውን ሲቀይሩ የኛም ወርዶ 1.6 ግራም አካባቢ ሆነ፣ ያም ትሬሚሲስ ወደሚባለው፣ የሮማውያኑ ወርቅ ሳንቲም የሶሊደስ ሲሶ፣ ይጠጋል። ንጉሥ አፊላስ ደሞ ከመደበኛው ያነሱ ክፍልፋዮች አውጥቷል፣ እነሱ እጅግ ብርቅ ናቸው። ንጉሡን በስንዴ ዘለላ መሀል ታዩታላችሁ፣ የወርቁ ጽሁፍ ብዙውን ግሪክኛ ነው ለውጭ ንግድ ስለነበር፣ በኢዛና ጊዜ የድሮው እምነት ምልክት የሆኑት ጨረቃና ክብ ወጥተው መስቀል ገባ። የአንድ ሀገር ሃይማኖት መለወጥ በ17 ሚሊሜትር ወርቅ ላይ ሲታይ ምን ልበላችሁ።

ኢትዮጵያ ውስጥ ካላችሁ ግን መልሱ አንድ ነው፣ አትግዙ። መንገድ ላይ «ከመሬት የወጣ ነው» ብሎ የሚያሳያችሁ ሰው ወይ ፌክ ይሸጥላችኋል ወይ ቅርስ፣ ሁለቱም ችግር ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ዓ.ም. መሰረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከሀገር ማውጣት ወንጀል ነው፣ ኤርፖርት ላይ ደሞ ይፈተሻል። ውጭ ከሆናችሁ የቆየ የባለቤትነት ወረቀት፣ የድሮ ጨረታ ካታሎግ ወይ የሽያጭ ሰነድ ይዞ የሚመጣ ከሆነ ብቻ፣ ከታወቀ የጨረታ ቤት። ብዙ የአክሱም ወርቅ የመን ውስጥ ተቀብሮ ተገኝቷል፣ ንጉሥ ካሌብ ዘምቶባታልና፣ ስለዚህ ሻጩ «የመን ነው የተገኘው» ማለቱ ብቻ ነጻ አያወጣውም፣ የየመንም ቅርስ ህግ አለው። ለማየት ከሆነ አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም አለ።

የምኒልክ ሩብ ወርቅስ? 1889 ዓ.ም. የሚል የኛ ቀን ያለባት፣ 1.75 ግራም። ለሀበሻ ሰብሳቢ ከዚህ በላይ የሚያጓጓ የለም፣ እና ሻጮቹ ይሄን ያውቃሉ። ብርቅ ናት፣ ብዙዋ ጌጥ ላይ ውላ የተጎዳች ናት፣ ወርቅ የተቀባ የብር ሳንቲምም ይቀርብላችኋልና ክብደቷን ሳትመዝኑ እጃችሁን አትዘርጉ። እኔ ብሆን የአንድ ዶላሯን አይነቶች ጨርሼ ነው ወደሷ የምሄደው፣ ምክንያቱም የጌጥ ጉዳት ምን እንደሚመስል በርካሽ ሳንቲም ላይ መልመድ ይሻላል።

አረጋግጬ ልግዛ ላለ

ማግኔት እርሱት፣ ነሐስም አይሳብም። ውሃ ውስጥ ከትቶ እፍጋቱን ማስላት የሚባለው ዘዴ ለትልቅ ሳንቲም ግሩም ነው፣ ለነዚህ ግን አይሰራም፦ ሩብ ግራም ወርቅ የምትገፋው ውሃ 0.015 ግራም ገደማ ነው፣ ቤት ያለችው ሚዛን ደሞ የምታነበው በ0.01 ነው፣ ስለዚህ ስህተቱ መልሱን ሊያክል ምንም አይቀረው። ለዶላሯና ለዶስ ፔሶስ እንኳን 0.001 የምታነብ ሚዛን ያስፈልጋል። እንደዚያ ያለች ሚዛን ዛሬ ርካሽ ናት፣ ከሳንቲሙ በፊት እሷን ግዙ፣ ክብደትና ስፋት ብቻውን ብዙ ፌክ ያጋልጣል። ወርቅ ቤት ያለው የኤክስሬይ ማሽን ጥሩ ነው ግን የሚያነበው ላዩን ነው፣ ደሞ ወርቅ መሆኑን እንጂ ሳንቲሙ እውነተኛ መሆኑን አይነግራችሁም፣ ከእውነተኛ ወርቅ የተሰራ ፌክ ዶላር ሞልቷል። በአሲድ ላሳይህ የሚላችሁ ወርቅ ሰሪ ካለ ሳንቲሟን መልሳችሁ ኪሳችሁ ክተቱ፣ ይጭራታል።

አታጥቧት፣ አትወልውሏት። በስቴፕል የሚዘጋ ካርቶን አትጠቀሙ፣ የካሊፎርኒያዋ ቀጭን ስለሆነች ትታጠፋለች፣ ልኳን የያዘ የፕላስቲክ ካፕሱል ይሻላል። ምንጣፍ ያለበት ክፍል ውስጥ ፋናም አትክፈቱ፣ ጠረጴዛ ላይ ነጭ ፎጣ አንጥፉ።

መሸጥም ይመጣልና ከመግዛታችሁ በፊት አስቡበት። ዶስ ፔሶስን የትም ወርቅ የሚገዛ ሱቅ በዕለቱ ዋጋ ይቀበላችኋል፣ አይከራከርም። ዶላሯን ኮይን ሱቅ ሁሉ ያውቃታል፣ ትንሽ ተከራክራችሁ ትሸጣላችሁ። የካሊፎርኒያዋን ተራ ወርቅ ገዢ በሩብ ግራም ሊገዛችሁ ይሞክራል፣ ስለዚህ ወደ ሰብሳቢ ወይ ወደ ጨረታ ነው፣ ጨረታ ደሞ ኮሚሽን አለው ወራትም ይወስዳል። ፋናም የሚገዛችሁ ፋናም የሚሰበስብ ሰው ብቻ ነው፣ እሱን ደሞ መፈለግ የናንተ ስራ ነው።